የዓርብ ተራ የማን ነበር

ኛልን መጀመሪያ ያየኋት ቀን ከቤቴ ላባርራት ምንም አልቀረኝም ነበር። ጁባ፣ ጀበል ገበያ አጠገብ ያለችው ምግብ ቤቴ በምሳ ሰዓት ጢም ብላ ሞልታለች፤ እኔ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት እባክናለሁ። ቁመቷ ከበሩ ጉበን የሚስተካከል አንዲት ሴት ገብታ ሽሮ አዘዘች። ከዚያ መቀመጥ ሲገባት በቀጥታ ሒሳብ መቀበያው ጋ ወደቆመው ባለቤቴ ወደ ሐጎስ ሄደች። ከቦርሳዋ ቀለም ቤቶች የሚያሳዩትን ዓይነት፣ ከነጭ እስከ ድፍን ቢጫ የተደረደረ ናሙና አወጣችና ዓይኑ ሥር ይዛ ታስተያይ ጀመር።

«አንቺ! ግድግዳ መሰለሽ እንዴ ልትቀቢው?» አልኳት ከወዲያ ማዶ።

ዓረብኛ ነበር የጠበቅሁት። እሷ ግን ዞር ብላ፣ «ይቅርታ እትዬ። የእኚህ ሰውዬ ዓይን ቢጫ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?» አለችኝ፣ ካዛንቺስ ያደገች በሚመስል አማርኛ።

ሐጎስ ሳቀ። እኔም ያን ጊዜ ነው ባሌን ያየሁት። ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው የኖርኩ ሴት፣ የደንበኛ ጫማ ሲፈታ እንኳ ከሩቅ የማይ ሴት፣ የገዛ ባሌ ዓይን እርድ የተነከረ መምሰሉን ሳላይ ከመንገድ የመጣች ሴት አየችልኝ። ክው አልኩ። እጄ ላይ የነበረው ሰሃን እንዳለ አንዱ ደንበኛ ጭን ላይ ሄደ።

«የወፍ በሽታ ነው፤ ቅጠል አስልኬለታለሁ» አልኩ፣ ያላስላክሁትን።

«እናቴንም እንደዚያ ነበር ያሏት» አለችና ሽሮዋን ሳትበላ ሐጎስን ወደ ሆስፒታል ይዛው ሄደች።

ኛል የኑዌር ልጅ ናት። እናቷ ከጦርነት ሸሽታ፣ እሷን አዝላ ጋምቤላ ገባች፤ ዊልያም የሚባለውን ወንድሟንም እዚያው የስደተኞች ካምፕ ወለደች። ኛል አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት እናቷ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ሳያማት፣ ሳትጮህ፣ ልብሷ በየሳምንቱ እየሰፋት ሄዶ አንድ ቀን ሞተች። የአካባቢው ሰው ሁሉ የወፍ በሽታ ነው ብሎ ቅጠል ሲጨምቅላት ነበር። ዊልያም ያኔ አምስት ዓመቱ ነው። ኛል እሱን እያጠበች፣ እየመገበች፣ እየገረፈች አሳደገችው። ራሷ አዲስ አበባ ነርስነት ተመርቃ፣ አገሯ ነፃ ስትወጣ ወንድሟን ይዛ ጁባ ተመለሰች።

የቆሽት ካንሰር የሚባል ነገር መኖሩን እኔ ከእሷ ነው የሰማሁት። ለእኔ ቆሽት ሰው ሲያናድደኝ የሚያርር ነገር ብቻ ነበር። ለካ ከጨጓራ ኋላ ተደብቆ የተኛ ሥጋ ነው፤ ለካ እብጠት ሲያወጣበት የሐሞቱን መንገድ ይዘጋና ዓይን ቢጫ ይሆናል። ለካ ቶሎ ከተደረሰበት በቀዶ ጥገና የሚወጣበት አጋጣሚ አለ፤ ከዘገየ ግን ማንም አይደርስበትም።

በፊት ዋው ከተማ የታመመው ዋው፣ ማላካል ከተማ የታመመው ማላካል ይቀር ነበር። አንዱ ሐኪም ጉበት ነው ይላል፣ ሌላው ወባ ነው ይላል፤ ደፍሮ የሚቆርጥም አይጠፋም፤ የተቆረጠው ግን ይሞታል። ኛል ለአለቆቿ ሁሉ አንድ ነገር ደጋግማ አሰለቸቻቸው፦ በዓመት አንዴ ቆሽት የሚነካ እጅ ይገድላል፤ ስለዚህ የአገሩን በሽተኛ ሁሉ አንድ ቦታ፣ ለለመደ እጅ እናምጣ። በመጨረሻ ተሳካላት። በየሦስት ወሩ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ጁባ ይቀመጣሉ፤ በቀን አንድ ሰው፣ በሳምንት አምስት ሰው። የቀረው ሥራ አምስቱን ሰዎች ከዚያ ሁሉ ረግረግና በረሃ ውስጥ ፈልጎ፣ ጊዜያቸው ሳያልፍ ማምጣት ነው። ይህ የኛል ሥራ ሆነ።

እንዴት እንደምትሠራው ሳይ አፌን ይዤ ቀረሁ። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ያለ ቀለም ቤት ሄዳ ባለሱቁን ለምና ሦስት መቶ የቀለም ናሙና ወሰደች። እያንዳንዱ ላይ በእስክሪፕቶ መስመር አሰመረችና፣ የበሽተኛው ዓይን ከዚህ መስመር ካለፈ ደውሉልኝ ብላ እህል በሚጭን አውሮፕላን፣ በጀልባ፣ በከብት ነጋዴ መኪና ለየክሊኒኩ ላከችው። ሲደወልላት ሦስት ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፦ ዓይኑ ቢጫ ነው? ያመዋል? ልብሱ ሰፍቶታል? ቢጫ ሆኖ፣ ሳያመው፣ ልብሱ ከሰፋው፣ ያ ሰው በምንም ተብሎ በሦስት ቀን ውስጥ ጁባ መድረስ አለበት። ስልኳ አያርፍም፤ ሽሮ ስትበላ እንኳ በግራ እጇ ይዛው ነው።

የሐጎስ ምርመራ በሳምንቱ ደረሰ። ኛል ሁለታችንንም አስቀምጣ ልትነግረን ስትል ፊቷ አላማረኝምና ክንዷን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ጎተትኳት። እዚያ ነገረችኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ወደ ታች ተንሸራተትኩ።

«አይሰማም» አልኳት ከመሬት ሳልነሳ። «ሐሞቱ ውስጥ ጠጠር ነው በይው። ካንሰር ካልሽው ዛሬውኑ ይሞትብኛል።»

«እትዬ ማኔ፣ እኔም እዚያው አገር ነው ያደግኩት፤ ልማዱን አውቀዋለሁ። ግን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ያላችሁኝ እናንተው ናችሁ።»

«እሱ ለሌላ በሽታ ነው!»

ብዙ ተጨቃጨቅን። ሐጎስ ሊቆረጥለት የሚችል ዓይነት ነው፤ ግን ስድስተኛ ነው የተመዘገበው፤ አምስቱ ሞልተዋል። ተጠባባቂ ሆኖ ደሙም ምርመራውም ይዘጋጅለታል፤ ከአምስቱ አንዱ ከቀረ ይገባል። ካልቀረ ሦስት ወር ይጠብቃል፤ ሦስት ወር ደግሞ ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን አስማለችኝ። «ምን እንደሚቆረጥለት ያላወቀ ሰው ያ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም፤ ራሱ ሰምቶ ራሱ ነው የሚፈርመው። እስክደውልልሽ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። አንቺ ትነግሪዋለሽ።» እሺ አልኩ። ቅጹ ላይ ከሐጎስ ስልክ ይልቅ የራሴን አስጻፍኩ፤ በሁለተኛ ተጠሪነት ደግሞ የጁባ ሐበሾች እድር ሊቀመንበር የሆነውን የጋሽ ጌታቸውን ቁጥር።

ሰባት ሳምንት አልነገርኩትም። ሐጎስ ጠጠሩን ቀልድ አደረገው። «ሲያወጡት አትጣሉብኝ፤ ለቤቴ መሠረት እፈልገዋለሁ» እያለ ደንበኛ ያስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት በሌለበት እያለቀስኩ እቆማለሁ።

በዚህ መሀል የዊልያምን መታመም ሰማን፤ ለካ ከሐጎስ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው የጀመረው። ዊልያም የሆስፒታሉን ፒክአፕ የሚነዳ፣ ኛል በስልክ የምትሰበስባቸውን ቢጫ ሰዎች ከአውሮፕላን ማረፊያ እየተቀበለ የሚያመጣ ልጅ ነው። ስንቱን ካመላለሰ በኋላ አንድ ጠዋት በመኪናው መስታወት የራሱን ዓይን አየ። መኪናውን ጥግ አስይዞ ለእህቱ ደወለላት። «አንድ ቢጫ ሰው አግኝቻለሁ፤ አያመውም፤ ልብሱ ሰፍቶታል» አላት። «የት ነው ያለው?» ስትለው፣ «መሪውን ይዟል» አላት። ይህንን የነገረን ራሱ እየሳቀ ነው።

እሱና ሐጎስ የልብ ወዳጅ ሆኑ። ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ጥግ ተቀምጠው በኛል ናሙና ዓይናቸውን ይለካካሉ፤ ማን ይበልጥ ቢጫ እንደሆነ ይወራረዳሉ። ዊልያም በሽታውን አሳምሮ ያውቃል፤ የሐጎስንም ያውቃል፤ ግን እኔን አይቶ አንድም ቀን ከአፉ አልወጣም። ኛል ማን በየትኛው ቀን እንደሚገባ ዋዜማው ድረስ ለማንም አትናገርም ነበር፤ ሰው ተራ መሸጥና መለመን ስለጀመረ። ታዲያ ሐጎስ ዊልያምን፣ «አንተ የባለሥልጣን ወንድም ነህ፤ መቼም ትቀድመኛለህ። ተራህን ሽጥልኝ» ይለዋል።

«ለአንተማ በነፃ ነው፣ ጋሼ» ይላል ዊልያም፤ ሁለቱም ይንከተከታሉ።

እኔ ደግሞ ከመለመን አልተመለስኩም። የሐኪሞቹ ሳምንት ሲቃረብ ለኛል ዶሮ ሠርቼ፣ ከፊቷ አቅርቤ፣ ሐጎስን ከአምስቱ ውስጥ አስገቢልኝ ብዬ ተለማመጥኳት። ዝም ስትለኝ ንዴቴ መጣ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል! ለእኔ ባይሆን ለወንድምሽ እንኳ አታስቢም?» አልኳት። የዶሮውን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሳትነካው ወጣች። ሳምንት ሙሉ አኩርፌያት ነበር።

ሐኪሞቹ መጡ። ሰኞ አንድ ገባ፣ ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ኛል እስከ ዓርብ ጠዋት ስልክሽን እንዳትዘጊ ብላኝ ነበር። ሐሙስ ማታ ቤት ስገባ ግን፣ አለቀልን፣ አምስተኛው ሰው ነገ ይገባል፣ ማንም አይደውልም አልኩ ለራሴ። ሐጎስ ደግሞ ስልኬ ሲጮህ የማንሣት ክፉ አመል አለው። እንደ ሰባቱ ሳምንታት ሁሉ አጠፋሁት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ከፈትኩ። ጋሽ ጌታቸው ጋቢውን ለብሶ ቆሟል፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ከጎኑ አንገትጌው ነጭ የሆነ የማላውቀው ፓስተር። ከኋላቸው ኛል፣ ዓይኗ አብጦ።

የእድር ሊቀመንበር፣ የሃይማኖት ሰውና ፊቷ ያበጠ ሴት በንጋት ደጄ ሲቆሙ፣ ሐበሻ ምን ብሎ እንደሚረዳው ልንገራችሁ? መርዶ ነው። እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት። ልጄ ሳሌም አዲስ አበባ ትማራለች።

«ማንን ነው?» አልኩ።

«ተረጋጊ እንጂ፣ ማንም አልሞተም» አለ ጌታቸው።

መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው! እኔ ራሴ ለስንቱ ብያለሁ። «ሳሌምን! ልጄን!» ብዬ ጮህኩ፤ ነጠላዬን ቀደድኩ፤ ደረቴን እየደቃሁ መሬት ላይ ወደቅሁ። በግቢው ያሉት ሐበሾች ከየክፍላቸው ወጥተው፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ እየየውን ተያያዙት። ከማዶ ያሉት የባሪ ጎሣ ሴቶችም አጥሩን ዞረው መጥተው በራሳቸው ዜማ ተቀበሏቸው። ጌታቸው «ልጅሽ ደህና ናት፤ ቆይ እንደውልላት» ይላል፤ ሲደውል ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ ደግሞ ይባስ ብዬ ጮህኩ። ኛል ከጎኔ ተንበርክካ ትከሻዬን ይዛ፣ «እትዬ፣ ማሌሽ፣ አይዞሽ፣ ስሚኝ፣ ማንም አልሞተም» ትላለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እጇ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እኔ ይበልጥ አመንኩ። «ስሙን ንገሪኝ! የማንን ሞት ነው የምትደብቂኝ?» አልኳት። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

ሰዓቷን አየች። ከዚያ ብድግ ብላ፣ ያ ሁሉ ቁመቷ ከለቀስተኛው በላይ ወጥቶ፣ ባላት ድምፅ ጮኸች።

«እዚህ ቤት የሞተ የለም! ጋሽ ሐጎስ የቆሽት ካንሰር አለበት! የዛሬው ተራ ባዶ ሆኗል! ሁለት ሰዓት ላይ ካልደረስን ሐኪሞቹ ነገ ይሄዳሉ!»

ለቅሶው በአንዴ ተቆረጠ። ቀና ስል ሐጎስ በፒጃማው በሩ ላይ ቆሟል።

ሐጎስ ቀስ ብሎ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። «ካንሰር?» አለ፤ ማንንም አላየም። ከዚያ እኔን አየኝ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰባት ሳምንቴ ነው።»

«ስለ ጠጠሩ ስቀልድ አብረሽኝ ትስቂ ነበር» አለኝ። ቢሰድበኝ በወደድኩ። ቢመታኝ በወደድኩ። የምይዘውና የምጨብጠው ጠፍቶኝ የተቀደደ ነጠላዬን ስሰበስብ ቆየሁ።

ኛል ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች። «ጋሼ፣ ጊዜ የለኝም፤ እውነቱን ልንገርህ። ብንቆርጠው ዕድል አለህ፤ ትልቅ ዕድል አይደለም። ካልቆረጥነው የለህም። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ልትሞትም ትችላለህ። ካልፈለግክ አልፈልግም በለኝ፤ ማንም አያስገድድህም። ከትናንት ማታ ወዲህ እህልም ውሃም ቀምሰሃል?»

እንደዚህ ያለ ነገር ለበሽተኛ በፊቱ ይነገራል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም። ሐጎስ ግን ጀርባው ቀና አለ። ሰባት ሳምንት ሙሉ እኔ እንደ ሕፃን ሳሽሞነሙነው የጎበጠ ሰውዬ፣ እንደ ሰው ሲያናግሩት ቀና አለ።

«አልቀመስኩም። ተራው የማን ነበር?» አላት።

«የሌላ ሰው።»

«እሱስ?»

«አልቻለም።»

«ለምን?»

«አልቻለም አልኩህ፣ ጋሼ። ያላ፣ እንሂድ።»

ሐጎስ ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀ። በጌታቸው መኪና ሄድን። ሁልጊዜ ሰው የሚያመላልሰው የዊልያም ፒክአፕ እንደነበር ያን ሰዓት ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ሐጎስ ራሱ ፈረመ። በሩ ተዘጋ። ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል አሉኝ። በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ፤ ኛል ከወዲያ ማዶ አግዳሚ ላይ። ስልኳ ጮኸ፤ ከሬንክ ከተማ ነው። እንደ ማንኛውም ቀን፣ በዓረብኛ፣ ዓይኑ ቢጫ ነው? ያመዋል? ልብሱ ሰፍቶታል? ስትል እሰማለሁ። ዘጋች፤ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ እንደገና ጮኸ፤ እንደገና አነሣች።

ያ ፓስተር ግን አልሄደም። ከጠዋት ጀምሮ ሲከተለን፣ አሁን ደግሞ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አንድ ሰዓት ቻልኩ፤ ሁለት ሰዓት ቻልኩ። ባሌ ገና ሳይሞት ቄስ ደጁ ላይ መቀመጡ ደሜን አፈላው። አጠገቡ ሄጄ፣ ይግባውም አይግባው ብዬ በአማርኛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ባለቤቴ በሕይወት አለ። ሂድና የራስህን ሬሳ ፈልግ!» አልኩት።

ፓስተሩ ቀና ብሎ አየኝ። እሱም ለካ ጋምቤላ ያደገ ነው።

«የእኔ ሬሳ እዚሁ ነው፣ እናቴ» አለኝ በጥሩ አማርኛ። «ከዚህ ግንብ ጀርባ። እህቱ ሥራዋን እስክትጨርስ እየጠበቅኳት ነው።»

እጁን ተከትዬ አየሁ። ኛል ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ትጽፋለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሲገባኝ፣ እዚያው ከፓስተሩ ጎን ተቀመጥኩ። ዊልያም። አምስተኛው ሰው ዊልያም ነበር። ፓስተሩ እንደነገረኝ፣ ሐሙስ ማታ ነገ ያንተ ቀን ነው ብላው፣ አብረው ጸልየው ተኝተዋል። እኩለ ሌሊት ላይ የተዘጋው ሐሞት መርዝ ሆነበት፤ ትኩሳቱ እንደ እሳት፣ ብርዱ እንደ በረዶ ሆኖ፣ ከሚኖሩበት ከማንጋቴን ሰፈር ወደ ሆስፒታሉ አድርሳው ወፍ ሳይንጫጫ ሞተ። ዓይኑን ከደነችለት። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ለእኔ ደወለች። ስልኬ ዝግ ነው። ደጋግማ ደወለች። ዝግ ነው። ጌታቸውን ቀሰቀሰች። ፓስተሩ ብቻዋን ልተዋት አልችልም ብሎ ተከተላት።

እኔ ደግሞ መሬት ላይ ተንከባልዬ የማንን ሞት ነው የምትደብቂኝ አልኳት።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሐኪሙ ወጥቶ እብጠቱ ወጥቷል አለን። የነገውን ማንም አያውቅም፤ የዛሬውን ግን አልፏል። ኛል «ጎበዝ» አለችኝ፣ እኔ የቆረጥኩ ይመስል። ማስታወሻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ኸላስ፣ ጨረስኩ» አለች ለፓስተሩ፤ ከግንቡ ጀርባ ሄዱ። ላቅፋት ተነሥቼ ነበር፤ አልደረስኩባትም።

በማግሥቱ ጌታቸውን የእድሩን ድንኳን ማንጋቴን አስተክል አልኩት። አባል ያልሆነ ሰው ነው፣ ደንቡ አይፈቅድም ሲለኝ፣ «ደንቡን ቀቅለህ ብላው!» አልኩት፤ አስተከለ። ወጡን እኔ ሠራሁ።

በሦስተኛው ቀን ሐጎስ ትንሽ ነቃ። አፉ ደርቆ፣ ዓይኑ ግን ነጣ ማለት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ዊልያምስ? ተራው ደረሰው?» ብሎ ነው።

ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። «አዎ፣ ደህና ነው፣ በኋላ ይጠይቅሃል» የሚለው ቃል እንደለመደው ሮጦ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዋጥኩት።

«አንተ የተኛህበት ተራ የእሱ ነበር» አልኩት። «በዚያው ሌሊት ሞተ።»

«በነፃ ነው ብሎኝ ነበር» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ስፌቱን እንዳይጎዳው በእጄ ሆዱን ደግፌ አብሬው ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ማንጋቴን ሄጄ ኛል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እስካሁን አላለቀሰችም ብለው ዘመዶቿ ፈርተውላታል። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሐጎስ ያለውን ነገርኳት። ስለዚያ ዶሮ፣ ስለዚያ ተረት ይቅር በይኝ አልኳት።

«ሐኪሞቹ፣ አምስቱም በሽተኞች እኩል ናቸው፣ ቀኑን አንቺ ጻፊ ነው ያሉኝ» አለች ምንጣፉን እያየች። «ዊልያምን ሰኞ ብጽፈው ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ከጋሽ ሐጎስ በፊት በተመዘገበበት ተራ፣ አምስተኛ ጻፍኩት። አንድ ቀን ለወንድሜ ካጣመምኩት፣ ሬንክ ያለው ሰው እኔን ምን ብሎ ያምናል? ሲመጣም ተራው ተሽጦ ይጠብቀዋል። ይህን አውቃለሁ፣ እትዬ። ልክ ነው የሠራሁት።» እጇን አየችው። «ግን ከዓርብ ጀምሮ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ሰኞ ላይ እጽፈዋለሁ። እጽፈዋለሁ፣ እሰርዘዋለሁ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ። ሰኞ፣ ዊልያም።»

ከዚያ ከሆዷ የወጣ ድምፅ ሰማሁ፤ ያ ሁሉ ቁመት እጥፍጥፍ ብሎ ጭኔ ላይ ወደቀ። አልቅሺ፣ አልቅሺ እያልኩ ያዝኳት። ድንኳኑ ሁሉ ተከተላት።

ስልኳ ምንጣፉ ላይ ጮኸ። ኛል እጇን ሰደደች፤ አልቻለችም፤ እጇ መሬቱ ላይ ቀረ። ጮኾ ቆመ። እንደገና ጮኸ። የሬንክ ቁጥር ነው።

አነሣሁት። በአንድ ክንዴ እሷን እንደያዝኩ፣ ሽንኩርት በምገዛበት የገበያ ዓረብኛዬ፣ «ሲስተር ኛል ለቅሶ ላይ ናት፤ ለእኔ ንገረኝ» አልኩት። «ዓይኑ ቢጫ ነው?»